ዳማ አፏን ስትገጥምብሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግሬ ገና ጀሶ ውስጥ ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አጎትሽና ቤተሰቡ ምንም አላጎደሉብኝም። ትናንት በስልክ ስለ ፈረሳችን «ዳማ አፏን ግጥም አድርጋ እንቢ አለችኝ፣ የትል መድኃኒቱ ልብሴ ላይ ፈሰሰ» ካልሽኝ ጀምሮ ሐሳቤ እዚያው ሱሉልታ ነው። ኔትወርኩም እየተቆራረጠ ያልኩሽ ሁሉ የደረሰሽ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ከሁሉ በፊት፣ ጎረቤቶቻችን «አንገቷን ወደ ላይ ስበን በጠርሙስ እንጋታት» ቢሉሽ እሺ እንዳትይ። ክፉ አስበው አይደለም፤ በጠርሙስ እየጋቱ ስንት ከብት አድነዋል። ነገር ግን ፈረስ ራሷ ሽቅብ ተይዞ ፈሳሽ ሲፈስባት መዋጥ ያቅታትና መድኃኒቱ በአየር ቧንቧዋ ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። ከዚያ የሚመጣው የሳንባ ምች ከትሉ ቀድሞ ሊገድላት ይችላል። ጠርሙሱም ጥርሷ መካከል ሊሰበር ይችላል። ጆሮዋን መጠምዘዝና ከንፈሯን በገመድ ማነቅም ይቅር። ዛሬ በግድ ብትውጥልሽ ነገ ከሩቅ ስታይሽ ትሸሻለች፤ አንቺ ደግሞ በየቀኑ ልትመለሺባት ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ የትል መድኃኒቱን፣ ፌንቤንዳዞሉን፣ ለ5 ተከታታይ ቀን ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። የፈረስ ትንንሾቹ ትሎች እጫቸው አንጀት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ የአንድ ቀን መድኃኒት በደንብ አይደርስበትም። ቀን ከተዘለለ ወይም ግማሹ መሬት ላይ ከፈሰሰ የተረፈው ትል መድኃኒቱን ይለማመደዋል። መጠኑም በክብደቷ የወጣ ነው። ሚዛን ስለሌለን በሜትር ለካናት፤ ከፊት እግሮቿ ኋላ የደረቷ ዙሪያ 140 ሳንቲ ሜትር፣ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ቂጧ ጫፍ 130። ዙሪያውን በራሱ አባዝተሽ፣ ያንን በርዝመቱ አባዝተሽ፣ ለ11,880 ስታካፍዪው 215 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ «ከስታለችና ትንሽ ልቀንስላት» እንዳትይ።

ፉሩሽካ ውስጥ ደባልቀሽ መስጠትሽ ክፋት የለውም። ዳማ ግን የላይኛው ከንፈሯ እንደ ጣት ነው፤ ገብሱን እየለቀመች በልታ የመድኃኒቱን ዱቄት ገንዳው ሥር ትተዋለች። ይህ ከተደጋገመ ንጹሑን ፉሩሽካም እያሸተተች መሸሽ ትጀምራለች፤ ምግቧን እንድትጠረጥር አልፈልግም።

ዳማን ያስፈራት አፏ ላይ የሚመጣው እጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሪንጁን አስለምጃት። መርፌ የሌለውን ትልቁን፣ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ውሰጂና ስኳር በሟሟበት ውኃ ሙዪው። በግራ በኩል ትከሻዋ አጠገብ ቁሚ፤ ፊት ለፊቷ አትቁሚ። አንገቷን እያሻሸሽ ሲሪንጁን በጉንጯ ላይ ወደ ከንፈሯ ጥግ አምጪው። ራሷን ስትወዘውዝ አታንሺው፤ እጅሽ አብሯት ይሂድ። ፀጥ ስትል ግን ወዲያው አንሺላት። ስትወዘውዝ ካነሳሽው መወዝወዝ እንደሚያድናት ትማራለች፤ ፀጥ ስትል ካነሳሽው ፀጥታውን ትማራለች። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ጊዜሽን አትሰስቺ። ከዚያ የስኳሩን ውኃ ትንሽ ትንሽ አቅምሻት።

ስትለምደው ወደ መድኃኒቱ እለፊ። እንክብሉን ለዚሁ ብቻ በለየሽው ዕቃ አድቅቀሽ በጥቂት ውኃና ማር በጥብጪው። አፏ ውስጥ ሣር ካለ ከነመድኃኒቱ ትተፋዋለችና አስቀድመሽ አፏ ባዶ መሆኑን እዪ። ከፊት ጥርሶቿና ከመንጋጋዋ መካከል፣ ልጓሙ የሚያርፍበት ቦታ ጥርስ የለም፤ ሲሪንጁን በዚያ በኩል አስገብተሽ ጫፉን ወደ ምላሷ ኋላ አዙሪው። አንዴ ትንሽ ግፊ፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እዪ፣ ከዚያ እንደገና። አፍንጫዋ ከዓይኗ በላይ ከፍ እንዳይል ተጠንቀቂ። ካሳለች ወዲያው አቁሚና ራሷን ዝቅ እንድታደርግ ልቀቂያት። ስትጨርሺ ካሮት ስጫት፤ በማግሥቱም ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ጊዜ የስኳሩን ውኃ አቅምሻት፤ ሲሪንጅ ባየች ቁጥር መራራ እንዳትጠብቅ።

ፈረስ ማስመለስ ስለማትችል የተዋጠ አይመለስም፤ ስለዚህ ፈሰሰ ብለሽ በግምት አትድገሚ፤ ምን ያህል እንደፈሰሰ ለሐኪሙ ንገሪው። ከመድኃኒቱ በኋላ ሳል ከያዛት፣ በአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ሙቀቷ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ደውዪለት። ጨርሶ እንቢ ካለችሽም አትታገያት፤ እሱ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቶ ሆዷ ያደርስላታል። ያንን ግን እሱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላ ሰው እንዳይሞክር።

ጋጣውን በየቀኑ ጥረጊ፤ ፋንድያውን ከግጦሹ አርቀሽ ጣዪው፣ አለዚያ ትሉ ከሣሩ ጋር ይመለስባታል። እናትሽን ሰላም በዪልኝ። ነገ ከሰጠሻት በኋላ እንዴት እንደሆነች ንገሪኝ፤ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እጠብቃለሁ።

አባትሽ