ሳታዩ ርጩ አትበሉን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ደሴ በወጣሁ ቁጥር ጋዜጣችሁን ሳልገዛ አልመለስም። ሰሞኑን ግን በግብርና ዓምዳችሁ ላይ «ወይን ያላችሁ፣ ፈንገስ ባይታይም በየሳምንቱ ርጩ» የሚል ምክር አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ ሐይቅ ነው የምኖረው። አባቴ የተከላት አንዲት አሮጌ ወይን አለችኝ፣ በረንዳውን ሸፍና ጥላ ሆናናለች፤ ፍሬዋ ትንሽ ነው፣ እሱንም ወፍ ይቀድመናል። ካቻምና ቅጠሏ ላይ ነጠብጣብ አይቼ መድኃኒት ሻጭ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ሁለት ጠርሙስ አሸከመኝ። ረጨሁ። ነጠብጣቡም አልለቀቀ፣ ብሬም ቀረ።

ባዮሎጂ የሚያጠና የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ሳቀብኝ። «አጎቴ፣ ጤነኛ የምትለው ቅጠል ውስጥም እኮ ፈንገስ ሞልቷል» አለኝ። አላመንኩትም። ሲያስረዳኝ፣ ተመራማሪዎች ቅጠሉን ወይም ቅርንጫፉን በአልኮልና በበረኪና ያጥቡትና ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ከሞተ በኋላ ቆራርጠው ሻጋታ የሚበላው ምግብ ያለበት ሳህን ላይ ያስቀምጡታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ከተቆረጠበት ጠርዝ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም ብቅ ብቅ ይላል። ውስጥ የነበረው ነው የወጣው። አልተርናሪያ፣ ክላዶስፖሪየም፣ ኤፒኮከም የሚባሉት ፈንገሶች በየአገሩ ወይን ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ኦሪዮባሲዲየም የሚሉት ደግሞ ፍሬ የሚያበሰብሰውን ግራጫ ሻጋታ እንዲከላከል አውሮፓ ውስጥ ለገበሬ ይሸጣል። ፈንገስ በፈንገስ!

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ፈንገሶቹ ራሳቸው የሚሠሩት ኬሚካል ነው። እኛ ሰፈር ሁለት ቤት ከአንድ ጆንያ ጤፍ ተካፍሎ እንጀራው አንድ አይሆንም፣ እርሾው ይለያያላ። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ተመራማሪዎች ለፈንገስ መለያ እንዲሆን የተስማሙበት አይቲኤስ የሚሉት የዲኤንኤ ቁራጭ አለ፤ በእሱ ሲታዩ አንድ የሆኑ ሁለት ፈንገሶች፣ አንዱ የሚሠራውን ኬሚካል ሌላው ጭራሽ ላይሠራው ይችላል። ያው አንዱ ራሱ እንኳ ምግቡ ሲቀየር ወይም ሌላ ፈንገስ አጠገቡ ሲበቅል ተኝተው የነበሩ ጂኖቹ ነቅተው ሌላ ነገር ያወጣል። ፔኒሲሊንስ ቢሆን ከሻጋታ አይደል የመጣው?

ሁሉም ወዳጅ ነው አላልኩም። የቦትሪዮስፌሪያ ወገን የሆኑት ፈንገሶች ግንድ ውስጥ ድምፃቸውን አጥፍተው ይከርሙና ተክሉ ውሃ ሲጠማው ይነሱበታል፤ በልግ በሚቀርበት በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እንጨት ውስጥ የገባውን ቅጠል ላይ በመርጨት አታገኙትም። ይልቅ መቁረጫውን አጽዱ፣ በዝናብ አትግረዙ ብላችሁ ብትጽፉ ይሻል ነበር። በየሳምንቱ የሚረጨው መድኃኒት እንደሆነ የሚረዳውንም የሚጎዳውንም አይለይም።

ሌላው፣ ቤት ፈርሶ ፎቅ በተሠራ ቁጥር እንዲህ ያሉ አሮጌ ወይኖች ይቆረጣሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ሰዎች ከመቆረጣቸው በፊት አንድ አንድ ቅርንጫፍ ቢወስዱ ምን ይቸግራቸዋል? እስቲ ጠይቁልን። የእኔ በር ክፍት ነው፣ ቡናም አለ። ወይኑን ለመቅመስ ከሆነ ግን ከወፎቹ ጋር ተነጋገሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐይቅ