የግሸን መንገድ አንድ ነው፣ አስተዳዳሪው ግን አራት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከሐይቅ ነው። ባለፈው መስከረም አክስቴን ይዤ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ወጥቼ ነበር። አክስቴ 68 ዓመታቸው ነው። ስለታቸውን ለማድረስ ሦስት ዓመት ሲጠብቁ ቆይተዋል።

ደሴ መናኸሪያ የተሰለፍነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። የተሳፈርንበት ሚኒባስ መንገዱን ሳያጋምስ ሾፌሩ ዳር ያዘና «ስምሪቴ እስከዚህ ነው፣ ከዚህ ወዲያ በሌላ መኪና ነው የምትሄዱት» አለን። እኛ የከፈልነው እስከ ግሸን ነው። ቀጣዩ መኪና ደግሞ እንደገና ሙሉ ሒሳብ ጠየቀን። እዚያው የቆሙት ሁለት አስተባባሪዎች ከሁለት ወረዳ የመጡ ነበሩ። አንዱ «መኪናውን የለቀቁት እነሱ ናቸው» ይላል። ሌላው «የቆመው እነሱ ክልል ውስጥ ነው» ይላል። አክስቴ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ኋላ ሽንት ቤት ፈለጉ። በአካባቢው አንድም አልነበረም። እኔና አንዲት የማላውቃት ልጅ ጋቢ ዘርግተን ከለልናቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት አክስቴ ቀና ብለው አላዩኝም።

ትንሽ እንደሄድን ከመንገድ ዳር ቤት አንዲት ሙስሊም እናት ጀሪካንና ኩባያ ይዘው ወጡ። ለተሳላሚው ሁሉ ውሃ ይቀዳሉ። የሆነውን ስንነግራቸው «ምነው እኔ ቤት ብትገቡ!» ብለው አዘኑ። በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ ውሃ ይዘው እንደሚወጡ፣ እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ነገሩን። ስንለያይ «በጸሎታችሁ አትርሱን» አሉ። ዳቦ ቢጤ ለአክስቴ ቋጥረው ሰጧቸው።

ይህን የምጽፈው ለአቤቱታ ብቻ አይደለም። ከሐይቅ እስከ ግሸን ያለው መንገድ ቢያንስ አራት አስተዳደር ይነካል፤ ተሁለደሬ፣ ደሴ ከተማ፣ ኩታበር፣ አምባሰል። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይሠራል። ተጓዡ ግን የወረዳ ድንበር አያውቅም። ለእሱ ከቤቱ ደጃፍ እስከ አምባው በር ያለው ሁሉ አንድ ጉዞ ነው። መከራው የሚጀምረው የአንዱ ወረዳ ሥራ አልቆ የሌላው ያልጀመረበት ቦታ ላይ ነው።

እነዚህ አራት አስተዳደሮች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ምን በእጃቸው እንዳለ አስቡት። ሐይቅ እስጢፋኖስን ውሰዱ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል። ለግሸን ከሩቅ የመጣው ሕዝብ ግን በአብዛኛው ሐይቁን በመስኮት አይቶ ያልፋል። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም፤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው የሚሰሙት ታሪክ፣ የሚያርፉበት ጥላ ግን ሊኖር ይችል ነበር። ከደሴ ወደ ኩታበር ስትወጡ ቦሩ ሜዳ አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው። ለወሎ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያ ጉባኤ ቀላል ነገር አልነበረም። ቆሞ የሚያስረዳ አንድ ሰው ቢኖር ተጓዡ ብዙ ይዞ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ግሸን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» (መስቀሌን በመስቀል ላይ አስቀምጥ) የሚል ድምፅ ሰምተው ግማደ መስቀሉን እንዳኖሩበት የሚነገርለት፣ መልኩ ራሱ መስቀል የሆነ አምባ። የነገሥታት ልጆች ከዙፋን ርቀው እንዲኖሩ የተደረጉበት አምባም ይኸው ነው። መስከረም 21 ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይወጣል፣ በ22 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳር ያለችው ቆሎ ሻጭ እስከሚቀጥለው መስከረም ያን ያህል ገበያ አታይም።

ሌላ አገር እንዲህ ያለውን እንዴት እንደያዙት ልንገራችሁ። ጃፓን ውስጥ ኩማኖ ኮዶ የሚባል ጥንታዊ የተሳላሚ መንገድ አለ። ዋካያማ፣ ናራና ሚዬ የሚባሉ ሦስት አስተዳደሮችን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሦስቱም የጋራ ቅርስ ሆኖ ነው። ዋናው የእግር መንገድ ላይ በየ500 ሜትሩ ቁጥር ያለው ምልክት ተተክሏል። የደከመው ሰው ስንት እንደቀረው ያውቃል። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም፤ እንጨት፣ ቀለምና ስምምነት ነው የሚፈልገው።

ጃፓን ድረስ መሄድም አያስፈልግም። እዚሁ ሰሜን ወሎ መቄት ላይ ገበሬው ራሱ ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ በእግር የሚጓዝ እንግዳ ሲያሳድር ኖሯል። ሽሮውን አቅርቦ፣ ዕቃውን በአህያ ጭኖ፣ ገቢውም ለማኅበረሰቡ ሆኖ። መቄት ላይ የተቻለ ነገር ኩታበር ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ሰላም ሳይሰፍን ምን ቱሪዝም ታወራለህ» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ላሊበላ ያሉ አስጎብኚዎችና ሆቴሎች ያዩትን ችግር ሁላችንም ሰምተናል። ግን ፈረንጁ ሲቀር የእኛ ሰው መንገዱን አልተወም። ነጠላውን ለብሶ፣ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ ሄዷል። ለእሱ ውሃና ሽንት ቤት ለማዘጋጀት የውጭ ቱሪስት እስኪመጣ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ለራሳችን ሰው የተመቸ መንገድ ለእንግዳም ይመቻል።

ለመውሊድ ወደ ጃማ ንጉሥ የሚሄደውም ወገናችን ችግሩ ያው ነው። ጎረቤቴ ሲመለሱ የሚነግሩኝ የእኔኑ ታሪክ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ የሚያወርድ መኪና፣ ጥላ የሌለው ጠራራ። አንድ የጋራ የተሳላሚ መንገድ ኮሚቴ ቢቋቋም ለሁለቱም በዓል ይሠራል። ከአስተዳደሮቹ ሌላ ሀገረ ስብከቱ፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱና መንገድ ዳር ያለው ገበሬ ቢኖሩበት እመኛለሁ። ለሚቀጥለው መስከረም ቢያንስ ስምሪቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ይሁን፣ ታሪፉም መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለእናቶች የሚሆን ሽንት ቤትም ከሁሉ በፊት ይቆፈር። አስፋልቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እኛ ሐይቅ ውስጥ አምስት ጎረቤታሞች ተነጋግረን ከየቤታችን አንድ አንድ ክፍል ለተጓዥ ለመልቀቅ ተስማምተናል። አልጋ አለ፣ ውሃ አለ፣ ማታ ቡና ይፈላል። ለመመዝገብ ሁለት ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ ሁለቱም ወደ ሌላው መሩን። የትኛው እንደሚመዘግበን የሚያውቅ የሥራ ኃላፊ ይህን ካነበበ በዚሁ ጋዜጣ ይንገረን። ክፍሎቹን ለፋሲካ ቀለም እንቀባቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሐይቅ