ክረምቱ ሳይገባ ቦያችንን እናገናኝ

ጎረቤቶች፣ የሰፈራችን ልጆች፣ ሌላ ከተማም ባሕር ማዶም ያላችሁ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጠይቃችሁ የሰፈራችንን ውሃ ወደ ዋናው መንገድ ቦይ የሚያደርስ ቦይ ለመሥራት ብርና ጉልበት ነው። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው።

ዋናው መንገድ እየሰፋ መሆኑን ታውቃላችሁ። አጥሮቹ ወደ ኋላ ገብተዋል፣ ገረጋንቲው ተደልድሏል፣ በእኛ በኩል ያለው የጎርፍ ቦይ ተቆፍሮ ግንቡ እየወጣ ነው። ጥሩ ቦይ ነው፤ ሰው ገብቶ ቆሞ የሚጠርገው ዓይነት። ግን የሚይዘው የዋናውን መንገድ ውሃ ነው። የእኛ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ውሃ እዚያ የሚደርስበት መስመር የለውም። መንገዱ ደግሞ ሲሰፋ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፤ ድሮ በአስፋልቱ ጠርዝ ሾልኮ ይሄድ የነበረው ውሃ ዘንድሮ እዚያ ሲደርስ ይገታና ወደ እኛው ይመለሳል።

ያለፈውን ፍልሰታ አስታውሱ። መንገዱ ገና ሳይነካ ነው። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ለቅዳሴ የወጣው ሰው ነጠላውን ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የሚሻገረው። እኛ ቤት ውሃው በጓዳ በር ገብቶ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከሥሩ አራሰብን። ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት የባሰ ነበር። አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሉ፤ ልጃቸውና ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ከነፍራሻቸው አንስተው ወደ ላይኛው ቤት ወሰዷቸው። ሲነጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ በሩ ላይ አፈር የሞላ ማዳበሪያ ደረደረ፣ ውሃው ወደ ቀጣዩ ቤት ዞረ፣ ያኛውም ደረደረ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስንት ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ሰዎች ሳይነጋገሩ መስቀል ደረሰ። ከጤፉ ይልቅ እኔ ያዘንኩት በዚህ ነው።

«እኔ ከላይ ነኝ፣ ጎርፍ አያገኘኝም» የምትሉ አላችሁ። በግልጽ ልናገር። ከተማችን ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን ሐምሌ ብቻውን ወደ 400 ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በሐምሌ ብቻ 40,000 ሊትር ያወርዳል። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል ቁጠሩት፤ 200 በርሜል ይሆናል። ከአንድ ጣሪያ! ያ ውሃ ከእናንተ ግቢ ወጥቶ ነው ታች ያለው ሰው ደጅ ላይ የሚተኛው። ድሮ ግቢው አፈርና ሣር ስለነበር የተወሰነውን ይጠጣው ነበር። አሁን ሁላችንም ሊሾ አድርገነዋል፣ እኔም አድርጌያለሁ። ስለዚህ መዋጮው «ጎርፍ የሚገባበት ሰው ይክፈል» ተብሎ ሊከፋፈል አይገባም። ውሃው የሁላችን ነው።

የመንገድ ሥራውን መሐንዲስ አነጋግረናል። የእግረኛ መንገዱ ከመነጠፉ በፊት መስመራችንን እዚያ ካደረስን በዋናው ቦይ ግንብ ላይ አፍ ይተውልናል። ንጣፉ ካለቀ በኋላ ግን መስበር አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም አፍርሶ መልሶ ማልበሱ ከቦዩ ወጪ ይበልጣል። እኛ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ለመጨረስ ነው ያሰብነው።

ከላይኛው ጫፍ እስከ ዋናው ቦይ 160 ሜትር ነው። በውሃ ልክ ለካነው፤ መውረድ የሚችለው 80 ሳንቲም ብቻ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ውሃ በራሱ አይሮጥላትም። መሐል ላይ አንድ ቦታ ወለሉ 5 ሳንቲም ቢያብጥ ውሃው እዚያው ይቆማል፣ ደለል ይዞ ይቀመጣል፣ በሁለት ክረምት ቦዩ ይደፈናል። ለዚህ ነው ቁፋሮውን እኛ ብንችልም ወለሉንና ግንቡን ለሚያውቅ ግንበኛ ከፍለን እናሠራ ያልነው። አፈሩም ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግንብ ያንቀሳቅሳል። ሥሩ ገረጋንቲ ይፈልጋል። ይህን ዘልለን ርካሽ ቦይ እንሥራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ እኔ በበኩሌ አልቀበለውም፣ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው የሚሆነው።

ቦዩ 60 ሳንቲም ስፋት ይኖረዋል፣ አካፋ እንዲገባው። ክዳኑ አርማታ ሆኖ ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሆናል፤ ካልተነሳ አይጠረግምና። ከዋናው ቦይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የደለል ጉድጓድ እናበጅለታለን። ሃይላንዱም ፌስታሉም እዚያ ይያዛል፣ በየወሩ እናወጣዋለን።

አንድ ነገር ላይ ግን የቦዩ ሥራ ኮሚቴ አይደራደርም። የሽንት ቤት ቱቦ ወደዚህ ቦይ ማስገባት የለም። ይህ ውሃ ሳይጣራ ነው ጣና የሚገባው። እምቦጭን የሚያፋፋው እንዲህ ያለው ፍሳሽ ተሸክሞት የሚሄደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ስንቶቻችን እምቦጭ ለመንቀል ወጥተን ውለናል፣ ደግሞ በጓሮ በኩል እንመግበው እንዴ? ጣና እኮ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተስማምቶ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። የደጃችን ውሃ መጨረሻው እዚያ ነው።

ወባውንም አትርሱት። ዝናቡ አባርቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ልጆቻችን የሚተኙት ደጃችን ላይ በቆመው ውሃ ምክንያትም ነው።

አሁን ያለንን ልንገራችሁ። ድንጋይ በአብዛኛው አለን፤ አጥሮቹ ወደ ኋላ ሲገቡ የፈረሰውን ድንጋይ ባለቤቶቹ ሰጥተውን ወጣቶቹ ለቅመው ከምረውታል። እድሩም ከካዝናው የተወሰነ ፈቅዷል። የጎደለን ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ለክዳኑ ፌሮና የግንበኛው ክፍያ ነው።

በየቤቱ ቢያንስ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ወይም ዋጋውን እንጠይቃለን። የማይችል ቤት አለ፣ እናውቀዋለን፣ ማንም ስሙን አያነሳም። የሚችል የሁለት ቤት ይሸፍን። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ እናንተን የምንለምነው ከዚህ ከፍ አድርገን ነው፤ አንድ ሰው አሥር ሜትር ቦይ እችላለሁ ቢለን የፌሮው ጣጣ ይቀልልናል። በወላጆቻችሁ በኩል ላኩት፣ ደረሰኙ በስማችሁ ይቆረጣል። ገልባጭ መኪና ያላችሁ ደግሞ የአንድ ቀን የአሸዋ ምልልስ ከብር አይተናነስም።

ገንዘቡን የሚቀበለው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው። ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጡ፣ እኔ ብመጣም እንኳ። ከባንክ የሚወጣው በሦስት ፈራሚ ነው። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ቁፋሮው ሰኞ ይጀመራል፣ ከታችኛው ጫፍ፣ ከዋናው ቦይ በኩል። ሰንበትና በዓል አፈር ስለማንነካ በሥራ ቀን ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው የምንቆፍረው፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቡናና ቆሎ የታችኛው ሰፈር እናቶች እናቀርባለን ብለዋል። ባለፈው ክረምት ያልተነጋገራችሁት ሁለቱ ቤቶች፣ እናንተን ጎን ለጎን መድበናችኋል፤ ኑልን።