ከሐኪሙ በፊት የሚመጡት እኛ ጋ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

አራት ኪሎ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። በድብርት ወይም በጭንቀት የሚሠቃይ ሰው ብዙ ጊዜ ከሐኪም በፊት የሚያገኘው እኛን ነው። «እባካችሁ እንቅልፍ የሚያስወስድ ነገር ስጡኝ» ይላል። እንደ ዳያዜፓም ያለ የሚያረጋጋና እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ግን ያለ ልዩ ማዘዣ አይሸጥም። ስንከለክል አንዳንዱ ተቆጥቶ ይወጣል፤ አንዳንዱ ግን ቆሞ ያወራል።

ቆሞ የሚያወራው ሰው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ልቡ ድው ድው ሲልበት የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነስቷል። ድካም ሲበዛበት ታይፎይድና ታይፈስ ተመርምሯል። የጨጓራ መድኃኒትማ ስንት ዓይነት ውጧል! መጨረሻ ላይ «ምንም የለብህም» ተብሎ ተሸኝቷል። ያ ሁሉ ብር ሲወጣ «ሆድ ይብስሃል? ድሮ ያስደስትህ የነበረው ነገር አሁንም ያስደስትሃል?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። ቤት ሲገባ ደግሞ «ምን ጎደለብህ? ጠንከር በል እንጂ» ይሉታል። ይህን የሰማ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ታዲያ ሕክምና የሚሄደው ማን ነው? እኔ ሳይ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው ያገኘ ነው። እህት ትሆናለች፣ የሥራ ባልደረባ ይሆናል። የነፍስ አባቱ «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ኪኒንህንም ዋጥ» ካሉትማ ያለ ጭንቀት ይሄዳል። የሃይማኖት አባቶች በዚህ ጉዳይ ደጋግመው ቢናገሩ ምንኛ ደስ ባለኝ!

የአእምሮ ሕክምና ያለው አማኑኤል ብቻ የሚመስለውም ብዙ ነው። አማኑኤል የስንቱ ባለውለታ ነው። ግን «እዚያ ስገባ ሰው ቢያየኝስ?» የሚል ፍርሃት ስንቱን ቤቱ አስቀርቶታል። እንደ ዘውዲቱና ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎችም እኮ አገልግሎቱ አለ። እዚያ ግቢ የገባ ሰው ለስኳር ይሁን ለጭንቀት ማን ያውቃል?

የጀመረውም ቶሎ ያቋርጣል። እንደ ፍሉክሰቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ለውጡ መታየት እስኪጀምር ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። ይህ ያልተነገረው ሰው በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። እኛ ባለሙያዎች መድኃኒቱን ስናስረክብ ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አንሰስት።

እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመሀል አዲስ አበባ በየትኞቹ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ በየትኞቹ ቀናት የአእምሮ ሕክምና እንደሚሰጥ አጣሩልን። ካርድ ስንት እንደሆነ፣ የጤና መድን ይሸፍን እንደሆነም ጨምሩበት። ካተማችሁት እኔ ፋርማሲያችን መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከአራት ኪሎ