ከሥር ያለውን ቀለም ሳያውቁ ከላይ መቀባት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ያረጀ መኪናዬን ሙሉ ቀለም አስቀብቼ በተረከብኩ በሦስተኛው ወር ኮፈኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ታዩ። የአንደኛው በር ቀለም ደግሞ ገና እየተረጨ ሳለ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ስለነበር ተፍቆ እንደገና ተቀብቷል። ቀቢው ጥፋቱን በአዲሱ ቀለም ጥራት ላይ አላከከ፤ እኔም ለጊዜው አምኜው ነበር። ይሁንና ነገሩን ቀረብ ብዬ ስመለከተው አዲሱ ቀለም ነውር እንዳልነበረበትና ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አለመኖሩን ተረዳሁ፤ እኔ ራሴም አልጠየቅኩም።

የመኪና ቀለም ሁሉ በአንድ መንገድ አይደርቅም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1920ዎቹ ወደ መኪና ፋብሪካዎች ገብቶ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የቀለም ሥራ በእጅጉ ያሳጠረው ናይትሮ ቀለም የሚደርቀው ማቅጠኛው (ቲነሩ) ተንኖ ሲያልቅለት ብቻ በመሆኑ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቲነር ካገኘው መልሶ ይሟሟል። ሲንቴቲክ የሚባለው ግን ቲነሩ ከተነነ በኋላ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ውስጥ ለውስጥ ስለሚተሳሰር አይሟሟም፤ ይልቁንም ኃይለኛ የናይትሮ ቲነር ሲያርፍበት አብጦ ከሥሩ ይነሳና ይጨማደዳል። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨውን ባለሁለት አካል ቀለም ግን፣ በሚገባ ከጠነከረ፣ ቲነር ብዙም አይደፍረውም።

ከሥር ያለውን ለመለየት የሚያስፈልገው ነጭ ጨርቅና ጥቂት የናይትሮ ቲነር ነው። የተነከረው ጨርቅ በማይታይ ቦታ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሲታሽ ቀለሙ ለስልሶ ጨርቁን ከነከረ ከናይትሮ ወገን ነው፤ ካበጠና ከተሸበሸበ ሲንቴቲክ መሆኑን ያሳያል፤ ንቅንቅ ካላለ ባለሁለት አካል ወይም ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የደረቀ ሊሆን ይችላል። ፍተሻው በእያንዳንዱ በር፣ በእያንዳንዱ ፓራፋንጎ፣ በጣሪያውም ላይ ለየብቻ መደረግ አለበት፤ ያረጀ መኪና በየጊዜው በተለያየ እጅ የተጠገነ ነውና። አንዳንዶች የፋብሪካውን የቀለም ኮድ አይተው ይረካሉ፤ ኮዱ የሚነግረን ግን መልኩን እንጂ ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደረጨበት አይደለም። በእኔ መኪና ላይ ዘግይቼ ባደረግኩት ፍተሻ ኮፈኑ ናይትሮ፣ የተጨማደደው በር ሲንቴቲክ ሆነው ተገኙ።

አሮጌው ቀለም ጤናማ ሆኖ ዓይነቱ ብቻ የማይስማማ ከሆነ በመካከል ኤፖክሲ ፕራይመር (አሮጌውንና አዲሱን ቀለም የሚለያይ የሥር ቀለም) በስሱ ተረጭቶ፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት እስኪደርቅ ተጠብቆ መቀባት ይቻላል። ተሰንጥቆ ወይም ተላቆ ከሆነ ግን ፕራይመር አያድነውም፤ ስንጥቁ ውሎ አድሮ ወደ ላይ ይወጣልና እስከ ብረቱ ድረስ መፈቅ አለበት። ኮፈኔን ያበላሸው ይኸው ነበር፤ ፈቆ ማንሳቱ አድካሚ ስለሆነ የተሰነጠቀው ናይትሮ በስቱኮ ተሸፍኖ ቀርቷል። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ደረቅ ፍቆ አቧራውን መንፋት፣ የባለሁለት አካል ቀለምንም ያለ ተገቢ የመተንፈሻ መከላከያ መርጨት ጤናን እንደሚጎዳ ቀቢዎች ራሳቸው ሊያስቡበት ይገባል።

ስለዚህ ቀቢዎች የዋጋ ስምምነት ከማድረጋቸው በፊት የጨርቁን ፍተሻ በባለንብረቱ ፊት እንዲያደርጉና ውጤቱን ክፍል በክፍል በውሉ ላይ እንዲያሰፍሩ እጠይቃለሁ። ባለንብረቶችም ይህን ሳያዩ ቀብድ ባይከፍሉ መልካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ያረጀ መኪና ባለቤት