«ቀይ ሕንዳዊት» አትበሏት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ተዋናይት ሊሊ ግላድስቶን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በአማርኛ ስለዚህች ሴት ይህን ያህል ሰፋ ብሎ የተጻፈ አላየሁም፤ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ቅር ያሰኘኝ ርእሱ ነው። ወገኖቿ በትክክለኛ መልካቸው እንዲታዩ የምትሟገት ሴት መሆኗን ዘርዝራችሁ ጽፋችሁ፣ ከላይ በትልልቁ «ቀይ ሕንዳዊቷ ተዋናይት» አላችኋት።

ለምን እንደከበደኝ ልንገራችሁ። የምሠራው እዚህ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በሌሊት ተራ አብረውኝ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኦጂብዌ ሕዝብ ተወላጅ ሴት አሉ። ሻይ ልንጠጣ አረፍ ባልንበት ስልኬ ላይ የተዋናይዋን ፎቶግራፍ አዩና ፊታቸው በራ። «ይህ የእናንተ ፊደል ነው? እስኪ አንብቢልኝ» አሉኝ። ርእሱን በአማርኛ አነበብኩና ልተረጉም ስል አፌ ተያዘ። «ነባር» ብዬ ላልፈው ሞከርኩ፤ ነቁብኝ። «በቋንቋችሁ እኛን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩን?» ብለው ዐይን ዐይኔን ሲያዩኝ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳቸው።

ክፋት አስባችሁ እንዳልጻፋችሁት አውቃለሁ። በእኛ ጆሮ «ቀይ» ነውር የለበትም፤ ቀይ ዳማ እያልን ቆንጆ እናወድስበታለን። እዚህ አገር ግን «ቀይ ቆዳ» መባል ስድብ ነው፤ የዋሽንግተን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ለዘመናት የተጠራበትን ያንን ስም እ.ኤ.አ. በ2020 ጥሎታል። «ሕንድ» የሚለውም የኮሎምበስ ስሕተት መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል።

ሁለቱን አጣብቆ ለእኛ ያደረሰን ፊልም ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ካውቦይ ፊልም ስናይ፣ ላባ የሰካው ሰው ከፈረሱ በወደቀ ቁጥር እናጨበጭብ ነበር። ሲናገር የሚያወጣው ድምፅ የሰው ቋንቋ አይመስለኝም ነበር። ግላድስቶን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በድራማ ፊልም ምርጥ ተዋናይት ተብላ የጎልደን ግሎብ ሽልማት ስትቀበል፣ መጀመሪያ የተናገረችው በወገኖቿ በብላክፊት ሕዝብ ቋንቋ ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ እንዳስረዳችው፣ በድሮው ፊልም ነባር ተዋናዮች ቃላቸውን በእንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር፤ የድምፅ ባለሙያዎች ደግሞ ቅጂውን ከኋላ ወደ ፊት እያስኬዱ የነባሮቹ ቋንቋ ያስመስሉት ነበር። እስኪ አስቡት። «ሰላም» ያለ ሰው «ማለስ» ሲል ተሰምቶ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የእነሱ ቋንቋ ይህ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ።

እሷ ያን ምሽት የተናገረቻቸውን ቃላት ያገኘችው ሞንታና፣ ብራውኒንግ ከተማ በተማረችበት ክፍል ነው። እናቷ ብላክፊት ሳይሆኑ ቋንቋው በክፍል እንዲሰጥ ብዙ ደክመዋል፤ በመድረኩ ላይም አመስግናቸዋለች።

ሌላም ልጨምር። ጽሑፋችሁ ትግሉ ከእሷ የጀመረ አስመስሎታል። ከነባሮቹ አንዱ የሆነው የሞሐክ ሕዝብ ተወላጅ ተዋናይ ጄይ ሲልቨርሂልስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለነባር ተዋናዮች የትወና ማሠልጠኛ አቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ መላው አሜሪካ ስለ ብክለት በተሠራ ማስታወቂያ ላይ «ሕንዱ» ሲያለቅስ አይቶ አብሮ አዘነ፤ ያ ሰው አይረን አይስ ኮዲ የሲሲሊ ስደተኞች ልጅ ነበር። እንባው ሳይቀር በሌላ ሰው ዐይን ነው የፈሰሰው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ብላክፊቱንም ኦሴጁንም በአንድ «ሕንዶች» መጠቅለላችሁ ነው። የአንዱ አገር ሞንታና፣ የሌላው ኦክላሆማ፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ግላድስቶን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በነዳጅ ሀብታቸው ምክንያት ስለተገደሉት ኦሴጆች በተሠራው ፊልም ላይ ለመጫወት የኦሴጅን ቋንቋ እንደ ባዕድ ቋንቋ ቁጭ ብላ ነው የተማረችው። ያም ይህም ሕንድ ነው ብላ አላለፈችውም።

«ተለምዷል» ትሉኝ ይሆናል። «ፈላሻ»ም ተለምዶ ነበር። ሰዎቹ ያቆስለናል ስላሉ ዛሬ ቤተ እስራኤል እንላለን፤ አማርኛችን ምንም አልጎደለበትም። ብላክፊት፣ ኦሴጅ፣ ሞሐክ ብላችሁ ጻፉ። ሁሉንም በአንድነት ማንሳት ሲያስፈልግ «የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች» በቂ ነው።

ያን ሌሊት ሴትዮዋ አልተቆጡኝም። ዝም ብለው ቆዩና «ኦጂብዌ በእናንተ ፊደል ይጻፋል?» አሉኝ። በወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው፤ አራት ፊደል ብቻ። እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ ድምፁን አስጠሩኝ። ካናዳ ያሉ ዘመዶቻቸው የሚጽፉበትም ፊደል እንዲሁ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት የሚይዝ መሆኑን ነገሩኝ። ወረቀቷን አጥፈው ከደረት መታወቂያቸው ጀርባ ሸጎጧት።

እርማት ካወጣችሁ ላነብላቸው ቃል ገብቻለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ
ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ