የፊዚክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የግድግዳ ስንጥቅን በፋይበር መለካት

ኮዬ ፈጬና አካባቢው በብዛት ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በዚህም ምክንያት ሳይሰነጠቅ የሚቆይ ግድግዳ ከስንት አንድ ነው። ክበባችን ዘንድሮ የተነሣው በዕቃ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ እየሰፋ መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ ነበር። ለውጡ በማስመሪያ የማይያዝ በመሆኑ ብርሃንን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር የሆነውን ኦፕቲካል ፋይበር መረጥን።

ሁለት የፕላስቲክ ፋይበሮች ጎን ለጎን ታስረው በስንጥቁ አንድ ወገን ተተከሉ፤ በሌላው ወገን ከጫፋቸው ፊት ለፊት ትንሽ መስተዋት ተለጠፈ። አንደኛው ፋይበር የቀይ ኤልኢዲ ብርሃን ወደ መስተዋቱ ሲወስድ፣ ሌላኛው የተንጸባረቀውን ተቀብሎ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ፎቶዳዮድ ያደርሳል። መስተዋቱ ከፋይበሮቹ ጋር ሲገጥም የሚመለስ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል፤ ሲርቅ ብርሃኑ በፍጥነት ይጨምርና ከፍተኛው ላይ ደርሶ ቀስ እያለ ይቀንሳል። አባላቱ መስተዋቱን በማይክሮሜትር ብሎን 0.01 ሚሊሜትር እያራቁ ግራፉን ሲሠሩ፣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ንባብ ለሁለት የተለያዩ ርቀቶች እንደሚውል አስተዋለች። ስለዚህ መስተዋቱን የተከልነው ግራፉ ሽቅብ በሚወጣበት ክፍል መካከል ላይ ነው።

ከዚህ ይልቅ የከበደው ንባቡ የተለወጠው በእርግጥ ስንጥቁ ተንቀሳቅሶ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር፤ ኤልኢዲው ሲሞቅ ብርሃኑ ይደክማል፣ የመስኮቱም ብርሃን ወደ ፎቶዳዮዱ ይገባል። አባላቱ ኤልኢዲውን እያጠፉ የጨለማውን ንባብ ቀነሱ፤ ከዚያው ኤልኢዲ በቀጥታ ብርሃን የሚቀበል ሁለተኛ ፎቶዳዮድ ጨምረው የኤልኢዲው መድከም ውጤቱን እንዳይለውጥ የመጀመሪያውን ንባብ በሁለተኛው አካፈሉ፤ ልኬቱንም ፀሐይ ግድግዳውን ሳታሞቀው ጠዋት ብቻ ያዙ። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የኮራሁት በዚህ ነው። በድልድዮች ላይ የሚገጠመው፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተገኘው ፋይበር ብራግ ግሬቲንግ (አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ የሚያንጸባርቅ፣ ሲለጠጥም ያ የሞገድ ርዝመት የሚቀየርበት ፋይበር) እንኳ ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም፦ በ1550 ናኖሜትር ላይ የርዝመቱን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል መለጠጥ የሞገድ ርዝመቱን 1.2 ፒኮሜትር (የናኖሜትር ሺህኛ) ገደማ ሲቀይር፣ የአንድ ዲግሪ ሙቀት ለውጥ ብቻውን 10 ፒኮሜትር ያህል ይቀይረዋል።

ስንጥቁ በበጋው ወራት ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ሰፍቶ፣ ከበልግ ዝናብ በኋላ በጥቂቱ ጠበበ። የአንድ በጋ ልኬት ብቻ ይዘን ምክንያቱ አፈሩ ነው ብለን አልደመደምንም፤ መሣሪያው በክረምቱም እዚያው ይቆያል፣ በአቅራቢያው የሚኖሩ አባላትም ንባቡን ለመመዝገብ ተረክበዋል።